ልጆችን ይዞ ወደ ገና ፓንቶ፦ ከቤት ሳትወጡ የምትሠሩት ሥራ

እንግሊዝ አገር ልጅ የምታሳድጉ ከሆነ ኖቬምበር ሲያልቅ የፓንቶ ወሬ ቤታችሁ መግባቱ አይቀርም። ፓንቶማይም፣ ባጭሩ ፓንቶ፣ በገና ሰሞን የሚታይ የተረት ቲያትር ነው፤ ዝም ተብሎ የሚታይ ግን አይደለም። ተመልካቹ ይጮኻል፣ ይዘፍናል፣ ከተዋንያኑ ጋር ይከራከራል። እኛ ደግሞ ልጆቻችንን ሰው ፊት "ዝም በሉ፣ ሥርዓት ያዙ" እያልን ነው የምናሳድገው። ስለዚህ ትልቁ ዝግጅት ቤት ውስጥ ነው፤ ልጆቹ መጮህ እንደተፈቀደላቸው ቀድመው ማወቅ አለባቸው። እናንተም ጭምር።

መጀመሪያ ታሪኩን ምረጡ። አብዛኞቹ ቲያትር ቤቶች በየዓመቱ ከታወቁት ተረቶች አንዱን ያሳያሉ፦ ሲንደሬላ፣ አላዲን፣ ዲክ ዊቲንግተን፣ ጃክና የባቄላው ተክል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያይ ልጅ እኔ የምመርጠው ጃክን ነው። ላሟ አለቻ! ሁለት ሰው አንድ ቆዳ ውስጥ ገብቶ፣ አንዱ የፊት እግር አንዱ የኋላ እግር ሆኖ ሲራመድ የማይስቅ ልጅ የለም። ከመሄዳችሁ በፊት ባሉት ቀናት ማታ ማታ ተረቱን ንገሯቸው፤ ታሪኩን የሚያውቅ ልጅ መድረኩ ላይ ግርግር ሲበዛ ግራ አይገባውም።

ትኬት ቀድማችሁ ቁረጡ። ወቅቱ ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ጃንዋሪ መጀመሪያ ገደማ ነው፣ ከገና በፊት ያሉት ቅዳሜና እሁዶች ቶሎ ያልቃሉ። ዋጋው ከከበዳችሁ የሥራ ቀናትንና የጃንዋሪን ትርኢቶች እዩ፣ ብዙ ጊዜ ረከስ ይላሉ። ለትንንሽ ልጆች የማታውን ትታችሁ የከሰዓቱን ያዙ፤ ከነዕረፍቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ሊፈጅ ይችላል። የግድ ለንደን ድረስ መሄድም አያስፈልግም፣ እንዲያውም የሰፈራችሁን ቲያትር ቤት አስቀድሙ፤ ቀልዱ ስለ ከተማችሁና ስለ ጎረቤት ከተማ ስለሚሆን ልጆቹ የሚያውቁት ስም በተጠራ ቁጥር ይፈነድቃሉ።

ወንበር ስትመርጡ መተላለፊያው ዳር ያለውን ያዙ፣ ሽንት ቤት መመላለስ አይቀርም። ፊት ለፊት ያሉት ረድፎች ደስ ይላሉ፣ ግን ውኃ ሊረጭባችሁ ይችላል፣ አባት ከሆናችሁ ደግሞ ዴሟ (ሴት ሆኖ የሚጫወተው ወንድ ተዋናይ) አንዱን ወንድ መርጣ ትርኢቱ እስኪያልቅ ስትቀልድበት ተረኛው እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ይህን የማትወዱ ከሆነ ወደ ኋላ ፈቀቅ በሉ። ለትንንሾቹ ከፍ ማድረጊያ ትራስ ካለ ስትገቡ ጠይቁ። ድምፅና ጨለማ ለሚያስጨንቀው ልጅ ብዙ ቲያትር ቤቶች ሪላክስድ ፐርፎርማንስ የሚሉት አላቸው፤ ድምፁ ይቀነሳል፣ መብራቱ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፣ ልጁ ቢነሳ ቢወጣ ማንም አይቆጣም። ኦቲዝም ላለበት ልጅ ከዚህ የተሻለ ቀን የለም።

አሁን ወደ ጩኸቱ። ክፉው ሰውዬ ብቅ ሲል "ቡ!" ይባላል። በልማዱ እሱ ከተመልካቹ በስተቀኝ፣ ደጓ ፌሪ (የተረቷ አስማተኛ) ደግሞ ከግራ ነው የሚገቡት፤ ይህን ንገሯቸውና መጋረጃው እንደተከፈተ ዓይናቸውን እዚያ ይተክላሉ። አንዱ ተዋናይ "ኦ ኖ ኢት ኢዝንት!" ሲል መልሱ "ኦ የስ ኢት ኢዝ!" ነው። ከዚያ የልጆች ሁሉ ተወዳጅ ትዕይንት አለ። ተዋንያኑ አግዳሚ ላይ ተደርድረው ይዘፍናሉ፣ ከኋላቸው መንፈስ ብቅ ይላል፣ አዳራሹ በሙሉ "ሂዝ ቢሃይንድ ዩ!" እያለ ይጮኻል፣ እነሱ ዞር ሲሉ መንፈሱ የለም። ሳሎን ውስጥ አንድ ሰው መንፈስ አድርጋችሁ ተለማመዱት። ዓይን አፋር ልጅ እዚያ ድምፁን ካወጣ አዳራሹም ውስጥ አይፈራም።

ስለ ዴሟም አስቀድማችሁ ንገሯቸው። የጀግናው እናት ወይም የቤቱ ምግብ አብሳይ ሆኖ በትልቅ ዊግና በሚያብረቀርቅ ቀሚስ የሚመጣው ወንድ ነው። አላዲን ውስጥ ያለችው የልብስ አጣቢዋ ትዋንኪ ስሟን ያገኘችው በ1861 ሄንሪ ጄምስ ባይረን በጻፈው ፓንቶ ነው፣ ልማዱ ያን ያህል የቆየ ነው። ለወላጅ ብቻ የሚገቡ ቀልዶችም ይወረወራሉ። ልጁ ካልገባው እሰየው፣ እዚያው ለማስረዳት አትሞክሩ።

ዕረፍቱ 20 ደቂቃ ገደማ ነው፣ የሽንት ቤቱም የአይስክሬሙም ሰልፍ ረጅም ነው። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ካላችሁ አንዱ ልጆቹን ይዞ ይውጣ፣ ሌላው አይስክሬሙ ጋ ይሰለፍ። መብራት የሚያበሩት አሻንጉሊቶች ውድ ናቸው። ትገዙ እንደሆነና ስንት እንደምታወጡ ቤት ሳላችሁ ወስኑ፣ ለልጆቹም ንገሯቸው፤ እዚያ ደርሶ መከራከር ዕረፍቱን ይበላዋል።

ከዕረፍት በኋላ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ የዘፈን ግጥም በትልቁ ተጽፎ ይወርድና አዳራሹ ለሁለት ተከፍሎ ማን ይበልጥ እንደሚጮህ ይወዳደራል። ጥቂት ልጆች መድረክ ላይ የሚጠሩበት ቲያትር ቤትም አለ። የልደት ቀን የደረሰለት ልጅ ካላችሁ ትኬት ስትቆርጡ ስሙ ይጠራ እንደሆነ ጠይቁ። መጨረሻ ላይ ሁሉም ተዋንያን በምርጥ ልብሳቸው ከደረጃ እየወረዱ እጅ ይነሳሉ። ካፖርት ለመልበስ አትቸኩሉ፣ ክፉውን ሰውዬ ለመጨረሻ ጊዜ "ቡ!" የምትሉት ያኔ ነው።