ጎማውን ከማሰራችሁ በፊት ትርታ ፈልጉ

ክርን መታጠፊያ ላይ ካኑላ (መድኃኒት በደም ስር የሚሰጥበት ቀጭን ቱቦ) ለምታስገቡ ሁሉ፦ ክንድ ላይ የሚታሰረውን ጎማ ከማሰራችሁ በፊት የመረጣችሁትን ደም ስር በሁለት ጣት ቀስ ብላችሁ ዳስሱት። የሚመታ ከሆነ ተዉት፣ ሌላ ቦታ ፈልጉ። አንዳንድ ሰው ላይ የአልናር ደም ወሳጅ ቧንቧ (ወደ እጅ ደም ከሚወስዱት አንዱ) ከጡንቻ ስር መሄዱን ትቶ፣ ልክ እንደ ደም መላሽ ከቆዳው ስር ያልፋል። በዓይን መለየት ይከብዳል። መድኃኒት በስህተት እዚያ ከገባ ደግሞ ጣት እስከማሳጣት ሊደርስ ይችላል፤ እባካችሁ ይህችን ጥቂት ሰከንድ አትሰስቱ። ጎማው ከታሰረ በኋላ ትርታው ሊደክም ስለሚችል ነው ቀድማችሁ ዳስሱ ያልኩት።

ደም ግፊቱ በጣም የወረደ ታካሚ ላይ ግን ትርታ አጣሁ ብላችሁ አትተማመኑ። ደማቅ ቀይ ደም እየዘለለ ከመጣ ምንም መድኃኒት አትስጡበት።