በፖከር ምን ያህል ልል እንደሆኑ ከጨዋታዎ ቁጥሮች እንዴት ማወቅ ይቻላል

ካርታ ጥለው የሚቀመጡባቸው ደቂቃዎች ረጅም ይመስላሉ። ብዙ ሰው «እኔ ጥብቅ ተጫዋች ነኝ» የሚለው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል፤ መጠበቁን ያስታውሳል እንጂ ስንት ጊዜ እንደገባ አይቆጥርም። በቴክሳስ ሆልደም ልል የሚባለው ከሚታደሉት እጆች (ዙሮች) በብዙዎቹ ላይ በፈቃዱ ገንዘብ የሚያወጣ ተጫዋች ነው። ዛሬ ማሸነፍዎም ሆነ መሸነፍዎ ይህን አይነግርዎትም።

መጀመሪያ የጨዋታውን ስታትስቲክስ ይክፈቱ። በርካታ የኦንላይን ፖከር ሶፍትዌሮች ስንት እጅ እንደታደሉና ስንት ጊዜ ፍሎፕ (ከመጀመሪያው ውርርድ በኋላ መሃል ላይ የሚገለጡትን ሦስት ካርታዎች) እንዳዩ ያሳያሉ፤ ፍሎፑንም በትልቁ ብላይንድ፣ በትንሹ ብላይንድና በሌሎች ቦታዎች ይከፋፍሉታል። ብላይንድ ሁለት ተጫዋቾች በየተራ ካርታቸውን ሳያዩ በግዴታ የሚያወጡት ገንዘብ ነው፤ ትንሹ አብዛኛውን ጊዜ የትልቁ ግማሽ ነው። ሦስቱን ለየብቻ ወረቀት ላይ ይጻፉ።

ስድስት ሰው በሚቀመጥበት ጠረጴዛ 120 እጅ ተጫወቱ እንበል። 20ው በትልቁ ብላይንድ፣ 20ው በትንሹ፣ 80ው በሌሎች ቦታዎች ነበር። ያዩት ፍሎፕ በቅደም ተከተል 13፣ 10 እና 24 ከሆነ ድምሩ 47፣ ማለትም 39 በመቶ ነው።

ይህ ድምር በሁለት በኩል ያሳስታል። አንደኛ፣ ትልቁ ብላይንድ ላይ ሆነው ማንም ሬይዝ ካላደረገ (ውርርዱን ካላሳደገ) ፍሎፑን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያያሉ፤ ያ ልልነት አይደለም። ሁለተኛ፣ ሬይዝ አድርገው ሁሉም ካርታ ከጣለ ወይም መልሰው ሲያሳድጉብዎ እርስዎ ከጣሉ ፍሎፕ ስላላዩ እጁ አይቆጠርም፤ ገንዘብ ግን በፈቃድዎ አውጥተዋል። ስለዚህ የእጆቹን ታሪክ ከፍተው ያስተካክሉ። በትልቁ ብላይንድ ካዩት 13 ውስጥ 5ቱ በነጻ ከሆኑ 8 ይቀራል። ከሌሎች ቦታዎች ሬይዝ አድርገው ፍሎፕ ያላዩባቸው 6 እጆች ካሉ 24ቱ 30 ይሆናል። 8 እና 10 እና 30 ሲደመር 48፤ ከ120 ሲሰላ 40 በመቶ። ተጫዋቾች ቪፒፕ (VPIP፣ በፈቃድ ገንዘብ የወጣባቸው እጆች ድርሻ) የሚሉት ይህንን ነው።

አሁን ያወዳድሩ። በስድስት ሰው ጠረጴዛ ጠንካራ ተጫዋቾች አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 28 በመቶ አካባቢ ይሆናሉ፤ በዘጠኝ ሰው ጠረጴዛ ከዚያ ያነሰ ነው፣ ሁለት ሰው ብቻ ሲጫወት ደግሞ እጅግ ይሰፋል። 40 በመቶ ምን ማለት እንደሆነ እንዲታይዎ፦ ሁለት ካርታ በ1,326 መንገድ ሊደርስዎ ይችላል፤ ከእነዚህ ጥንድ የሆኑት ሁሉ ተደምረው 78፣ ወደ 6 በመቶ ብቻ ናቸው። 40 በመቶ ግን 530 ያህል ነው። ያን ያህል ለመሙላት ደካማ ካርታ ማስገባት ግድ ነው።

«ካርታ ቀንቶኝ ቢሆንስ?» ተገቢ ጥያቄ ነው። በ120 እጅ 40 በመቶ ያየ ሰው እውነተኛ ልማዱ ከ31 እስከ 49 መካከል ሊሆን ይችላል። ታችኛው ጫፍ እንኳ ከ28 ይበልጣል፤ እዚህ ጋ ዕድል ሰበብ አይሆንም። ያዩት 32 ቢሆን ኖሮ ግን ለመፍረድ ይቸኩላሉ። 1,000 እጅ ሲሞላ የስሕተቱ ስፋት ወደ 3 ነጥብ ገደማ ይወርዳል።

ከገቡባቸው 48 እጆች ስንቱን በሬይዝ እንደገቡም ይቁጠሩ። 12 ብቻ ከሆኑ ልል ብቻ ሳይሆኑ ተከታይ ነዎት፣ ከማሳደግ ይልቅ ኮል ያደርጋሉ (የሌላውን ውርርድ እኩል ይከፍላሉ)፤ ከሁለቱ የበለጠ የሚያስከፍለው ይኸኛው ነው። በብዙ መቶ እጆች፣ ካርታ ተገልጦ ሲተያይ የሚያሸንፉት ከግማሽ በብዙ ካነሰ እስከ መጨረሻው ኮል እያደረጉ ይከተላሉ ማለት ነው።

በመጨረሻ ቀዳዳው የት እንዳለ ይፈልጉ። በምሳሌያችን ትንሹ ብላይንድ ላይ ከ20 እጅ 10 ገብተናል። ግማሹ ስለተከፈለ ርካሽ ይመስላል፣ ነገር ግን ከፍሎፕ በኋላ ሁልጊዜ ቀድመው የሚወስኑት እርስዎ ነዎት። ቀጣዩን ጨዋታ ሲጀምሩ ሌላውን ሳይነኩ ይህን ቦታ ብቻ ያጥብቁ፤ ሲጨርሱ ሦስቱን ቁጥሮች በዚያው ወረቀት ላይ ከበፊቶቹ ጎን ይጻፉ።