ሊኑክስን ከፍላሽ አስነስቶ መጠቀም፦ ከዝግጅቱ እስከ አያያዙ

አንድ ኮምፒውተር የሚነሳበት ኦፐሬቲንግ ሲስተም የግድ በውስጡ ባለው ሃርድ ዲስክ ላይ መጫን የለበትም። በፍላሽ ላይ ተዘጋጅቶ፣ ፍላሹ በተሰካበት ማሽን ተነስቶ፣ ሥራው ሲያበቃ ተነቅሎ በኪስ ሊሄድ ይችላል። ይህን አሠራር በሰፊው ካስተዋወቁት አንዱ ጀርመናዊው ክላውስ ክኖፐር በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጣው ክኖፒክስ ሲሆን፣ ያኔ የሚነሳው ከሲዲ ነበር። ማይክሮሶፍትም ዊንዶውስ ቱ ጎ የተባለ ተመሳሳይ አገልግሎት በ2012 ከዊንዶውስ 8 ኢንተርፕራይዝ ጋር አቅርቦ በ2020 አስቀርቶታል። ዛሬ ለዚህ ሥራ የሚመረጠው፣ የፈቃድ ክፍያ የሌለውና አብዛኛውን ድራይቨር (ዋይፋይንና ድምፅን የመሳሰሉ የማሽን ክፍሎችን የሚያሠራ ፕሮግራም) ይዞ የሚመጣው ሊኑክስ ነው።

ጥቅሙ በተለይ የሚታየው በሦስት ቦታ ነው። ዊንዶውስ አልነሳ ብሎ ፋይል ማውጣት ሲያስፈልግ፣ ብዙ ሰው በሚጋራው ኮምፒውተር ላይ የራስን የሥራ ቦታ ይዞ መዞር ሲፈለግ፣ እንዲሁም ዊንዶውስ 11ን የማይቀበል አሮጌ ላፕቶፕ ሲኖር። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላበቃ፣ ሦስተኛው ምክንያት አሁን ብዙ ሰው የሚጋራው ሆኗል። ሊኑክስን ሃርድ ዲስኩ ላይ ከመጫን በፊት ዋይፋዩ፣ ድምፁና ካሜራው እንደሚሠሩ ከፍላሽ ላይ አስነስቶ ማየት ከብዙ ጸጸት ያድናል።

ከሁሉ አስቀድሞ የፍላሹ ጉዳይ ነው። ሶፍትዌሩን ማዘጋጀት ከግማሽ ሰዓት የማያልፍ ሥራ ሲሆን፣ ውጤቱን የሚወስነው ግን ፍላሹ ነው። 32 ጊጋባይት የሚይዝና ዩኤስቢ 3 የሆነ ፍላሽ ይምረጡ፤ የዩኤስቢ 3 መሰኪያ ውስጡ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ነው። 32 ተብሎ የተሸጠው ዊንዶውስ ላይ 29 አካባቢ ቢያሳይ ማጭበርበር አይደለም፤ አምራቹ በ1000፣ ዊንዶውስ ደግሞ በ1024 ስለሚያባዙ የሚመጣ ልዩነት ነው። ማጭበርበሩ ሌላ ነው። በገበያ ላይ 1 ወይም 2 ቴራባይት ተብለው በማይታመን ዋጋ የሚሸጡ ፍላሾች እውነተኛ ይዘታቸው ከተጻፈባቸው በእጅጉ ያነሰ ሲሆን፣ ኮምፒውተሩ ላይ ግን የተጻፈውን መጠን እንዲያሳዩ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ፋይል ሲገለበጥባቸው ምንም ሳያጉረመርሙ ይቀበላሉ፤ ከእውነተኛ ይዘታቸው ያለፈው ግን የትም አይጻፍም ወይም በቀደመው ላይ ይጻፋል፣ ፋይሉም ሲከፈት የተበላሸ ሆኖ ይገኛል። በዊንዶውስ ላይ ኤች2ቴስትደብልዩ፣ በሊኑክስ ላይ ኤፍ3 የተባሉት ነጻ ፕሮግራሞች ፍላሹን እስከ ጫፉ ሞልተው መልሰው በማንበብ እውነቱን ያወጣሉ። ረጅም ሰዓት ቢወስድም ይህን ፍተሻ እንዳይዘሉት አጥብቄ እመክራለሁ። አቅም ካለ በዩኤስቢ የሚሰካ ኤስኤስዲ (ፈጣን የማከማቻ ዲስክ) ከማንኛውም ተራ ፍላሽ ይበልጣል፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጥቃቅን ፋይሎችን በብዛት ስለሚያነብና ስለሚጽፍ፣ ተራ ፍላሽ የሚደክመውም እዚያ ላይ ነው።

ለዚህ መመሪያ የመረጥኩት ከብዙዎቹ የሊኑክስ ስሪቶች ሊኑክስ ሚንት 22ን፣ ከዓይነቶቹም ቀለል ያለውን ኤክስኤፍሲኢ የተባለውን ነው። መልኩ ለዊንዶውስ ተጠቃሚ እንግዳ አይደለም፤ የጸጥታ ማሻሻያም እስከ 2029 ይቀርብለታል። ኮምፒውተሩ 64 ቢት መሆን አለበት፤ ራሙ ቢያንስ 2 ጊጋባይት፣ ተመችቶ ለመሥራት ግን 4 ያስፈልጋል። የአይኤስኦ ፋይሉ (መላው ሲስተም የታሸገበት የሚወርደው ፋይል) ወደ 3 ጊጋባይት ስለሚጠጋ፣ በሞባይል ዳታ የሚጠቀም ሰው ረከስ የሚለውን የሌሊት ጥቅል ቢጠብቅ፣ ደግሞም መስመር ሲቋረጥ ካቆመበት በሚቀጥለው በቶረንት (ፋይልን ከብዙ ሰዎች ኮምፒውተር በቁርጥራጭ በሚያወርደው ዘዴ) ቢያወርድ ይመረጣል።

ፍላሹን የምንሠራው ሩፈስ በተባለው አነስተኛ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። ከራሱ ድረ ገጽ አዲሱን እትም ያውርዱ። ፍላሹን ሰክተው ሩፈስን ሲከፍቱ ከላይ የተመረጠው ፍላሽ የእርስዎ መሆኑን በስሙና በመጠኑ ያረጋግጡ፤ በላዩ ያለው ሁሉ ይጠፋልና። ቀጥሎ የአይኤስኦ ፋይሉን ይምረጡ። ከመምረጫው አጠገብ ያለችው የራይት ምልክት ስትጫን የፋይሉን ሻ 256 አሻራ አስልታ ታወጣለች። ይህ ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር በሚንት ድረ ገጽ ላይ ከሰፈረው ጋር አንድ ካልሆነ፣ ፋይሉ ሲወርድ ተበላሽቷል ወይም ተነካክቷል ማለት ስለሆነ እንደገና ማውረድ ያስፈልጋል።

ከዚያ በታች ፐርሲስተንት ፓርቲሽን ሳይዝ የሚል መስመር ከተንሸራታች ጋር ይታያል። የዚህ ሁሉ ሥራ ቁልፍ እሱ ነው። ዜሮ ላይ ከተተወ ፍላሹ በተነሳ ቁጥር እንደ አዲስ ይጀምራል፤ የጫኑት ፕሮግራም፣ የጻፉት ሰነድ፣ የዋይፋይ ይለፍ ቃል ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ወደ ቀኝ ሲገፋ ግን ለውጦች የሚቀመጡበት የተለየ ክፍል ይፈጠራል። ከ32 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ 20 ያህሉን ቢሰጡት ለሰነድና ለተጨማሪ ፕሮግራሞች በቂ ነው። የፓርቲሽን (የዲስክ ክፍፍል) ዓይነቱን ኤምቢአር ካደረጉት ኮምፒውተሩን በሚያስነሳው ውስጣዊ ፕሮግራም፣ በአሮጌው ባዮስም በአዲሱ ዩኢኤፍአይም፣ ይነሳል። ስታርት ሲሉ በምን መልክ ልጻፈው የሚል ጥያቄ ቢመጣ አይኤስኦ የሚለውን ይምረጡ፤ ዲዲ የሚለው ከተመረጠ የለውጥ ማስቀመጫው ክፍል አይፈጠርም።

ፍላሹ ሲያልቅ ኮምፒውተሩን ከእሱ ማስነሳት ይቀራል። ማሽኑ እንደበራ የአምራቹ አርማ ሳያልፍ ቁልፉን ደጋግሞ መጫን ነው፦ በዴልና በብዙዎቹ ሌኖቮ ኤፍ12፣ በኤችፒ ኤፍ9፣ በአሱስ ላፕቶፖች ኢስኬፕ። በኤሰርም ኤፍ12 ነው፤ ነገር ግን አስቀድሞ በባዮስ ውስጥ መፈቀድ ሊኖርበት ይችላል። ቁልፉ ካልያዘ፣ በዊንዶውስ ውስጥ ሆነው ሺፍትን ተጭነው ሪስታርት ሲሉ ከሚመጣው ሰማያዊ ገጽ ዩዝ ኤ ዲቫይስ በሚለው በኩል ፍላሹን መምረጥ ይቻላል። ሚንት ሲኪዩር ቡት (ያልተፈረመ ሲስተም እንዳይነሳ የሚከለክለው ጥበቃ) ሳይጠፋ ሊነሳ የተዘጋጀ ስለሆነ እሱን ለማጥፋት አይቸኩሉ። የግድ ከሆነ ግን መጀመሪያ ዊንዶውሱ በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ መመስጠሪያ) የተቆለፈ መሆን አለመሆኑን ይመልከቱ፤ ከተቆለፈ ባለ 48 አሃዙን የማስከፈቻ ቁጥር በእጅዎ ሳይዙ የባዮስ ቅንብር አይንኩ፤ ቁጥሩን የሚጠይቅና አልፎ የማያስገባ ገጽ ሊመጣ ይችላልና።

ሚንት ተነስቶ ዴስክቶፑ ሲታይ ሁለት ነገር ወዲያው ይደረግ። አንደኛ፣ ዴስክቶፑ ላይ ያለውን ኢንስቶል ሊኑክስ ሚንት የሚለውን ምልክት ማንም እንዳይነካው፤ ጥያቄዎቹን በግድየለሽነት ያለፈ ሰው የኮምፒውተሩን ሃርድ ዲስክ ጠራርጎ ሊያጠፋ ይችላል። ሁለተኛ፣ አንድ ማኅደር ፈጥረው ኮምፒውተሩን ሪስታርት ያድርጉና ከፍላሹ እንደገና ያስነሱት። ማኅደሩ ቦታው ላይ ካለ የለውጥ ማስቀመጫው ሠርቷል።

አማርኛ ለመጻፍ ከሶፍትዌር ማኔጀር አይባስ የተባለውን የቋንቋ መጻፊያ ፕሮግራምና ኤም17ኤን የተባለውን ማሟያውን ጭነው አማርኛን ከግብዓት ቋንቋዎች ዝርዝር ይጨምሩ፤ በላቲን ፊደል ድምፁን ሲጽፉ ግዕዙን እያወጣ ይሄዳል። ፊደሉ በባዶ ሳጥን የሚታይ ከሆነ አቢሲኒካ ኤስአይኤል የተባለውን ፎንት መጫን ይበቃል።

ይህ ዓይነቱ ፍላሽ ከሙሉ ጭነት የሚለይበትን ነጥብ ማወቅ ግን ይገባል። ዋናው ሲስተም ተጨምቆ የማይለወጥ ሆኖ ተቀምጧል፤ የእርስዎ ለውጥ በላዩ ላይ እንደ ስስ ሽፋን ይደረባል። ስለዚህ አንድ ፕሮግራም ሲሻሻል አሮጌው ከታች ሳይጠፋ አዲሱ ተጨማሪ ቦታ ይይዛል፤ የከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ማሻሻያ ደግሞ ቦታ ከመያዝ በቀር ሥራ ላይ አይውልም። የእኔ ምክር ብሮውዘሩንና ዘወትር የሚጠቀሙባቸውን ፕሮግራሞች ብቻ እያሻሻሉ፣ አዲስ የሚንት እትም ሲወጣ ፍላሹን እንደገና መሥራት ነው። ሁሉንም ማሻሻል የሚፈልግ ሰው ሊኑክስን እንደ ሃርድ ዲስክ ቆጥሮ ፍላሹ ወይም ኤስኤስዲው ላይ ሙሉ በሙሉ መጫን ይችላል። ያን ጊዜ ግን የማስነሻው ፋይል ወደ ኮምፒውተሩ የራሱ ዲስክ እንዳይሄድ፣ ከመጫኑ በፊት የውስጡን ዲስክ ነቅሎ ወይም በባዮስ ዘግቶ መሥራት ያስፈልጋል።

ከዊንዶውስ ዲስክ ፋይል ለማውጣት ሲፈልጉ ዲስኩ ለመነበብ እንጂ ለመጻፍ አልከፈትም ቢል አይደንግጡ። ዊንዶውስ ፋስት ስታርታፕ በተባለው አሠራሩ ሲዘጋ ሙሉ በሙሉ ስለማይዘጋ ነው። ለመገልበጥ መነበቡ ይበቃል፤ ለመጻፍ ከፈለጉ ዊንዶውስ ገብተው ሺፍትን እንደያዙ ሸት ዳውን ማድረግ ነው። ሊኑክስ የማሽኑን ሰዓት በግሪንዊች አቆጣጠር ስለሚይዝ፣ ወደ ዊንዶውስ ሲመለሱ ሰዓቱ ኢትዮጵያ ውስጥ 3 ሰዓት ወደኋላ ቀርቶ ሊገኝ ይችላል፤ ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ ይስተካከላል።

ፍላሹን ዊንዶውስ ላይ ሲሰኩ የለውጥ ማስቀመጫውን ክፍል ማንበብ ስለማይችል ፎርማት ላድርገው ወይ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ መልሱ ሁልጊዜ አይሆንም ነው። ሊኑክሱ በሥራ ላይ እያለ ፍላሹን መንቀል፣ ወይም ባትሪ በሌለው ዴስክቶፕ ላይ መብራት ድንገት መጥፋቱ ያንን ክፍል ሊያበላሸው ስለሚችል፣ በተቻለ መጠን ባትሪ ባለው ላፕቶፕ ወይም በዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው በሚያቆይ ባትሪ) ይሥሩ፤ ሁልጊዜም በሥርዓቱ ዘግተው፣ ማሽኑ እስኪጠፋ ጠብቀው ይንቀሉ።

የምስጢርም ጉዳይ አለ። ሚንት በዚህ መልክ ሲሠራ የይለፍ ቃል ስለማይጠይቅ፣ የወደቀ ፍላሽ ያገኘ ሰው በውስጡ ያለውን ሁሉ ያያል፤ የብሮውዘሩን የተቀመጡ ይለፍ ቃሎች ጨምሮ። ስለዚህ ይለፍ ቃል ብሮውዘሩ ውስጥ አያስቀምጡ። ሥራው ጥንቃቄ የሚጠይቅ ከሆነ ለዚሁ ተብሎ የተሠራው ቴይልስ የተባለው ሊኑክስ ይሻላል፤ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ይፈልጋል፣ የሚያስቀምጠውንም በይለፍ ቃል ይመሰጥረዋል። የሰው ኮምፒውተር ሲጠቀሙ ግን የትኛውም ፍላሽ በኪቦርዱ ገመድ ላይ ተሰክቶ የሚተየበውን ከሚቀዳ መሣሪያ አያድንም፤ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ማሽኑን ማስነሳትም ተገቢ አይደለም።

ፍላሽ ያልቃል። ሰነዶችዎን በየጊዜው ወደ ሌላ ቦታ ይገልብጡ፤ ከዚህም በላይ ሩፈስ ከፍላሹ ስም አጠገብ ባለችው የዲስኬት ምልክት በኩል መላውን ፍላሽ እንዳለ ወደ አንድ ፋይል መቅዳት ይችላል። ያ ፋይል በኋላ በሩፈስ ሲመረጥ፣ ይዘቱ ከመጀመሪያው ባላነሰ አዲስ ፍላሽ ላይ ሁሉም ነገር እንደነበረ ይመለሳል።