ኮስታ ሪካ ላይ እንግዳን ለሌባ የሚያጋልጡ ስህተቶች

ከአሜሪካ ከተሞች በጥቂት ሰዓት በረራ ስለሚደረስባት ኮስታ ሪካን ለጫጉላ ሽርሽር ወይም ለቤተሰብ እረፍት የሚመርጡ ወገኖቻችን አሉ። ትንሽ አገር ናት። ስፋቷ 51,000 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ሕዝቧ 5 ሚሊዮን ገደማ ነው። በአንድ በኩል ፓስፊክ፣ በሌላው ካሪቢያን አለ፤ መሐሉ ደን፣ እሳተ ገሞራና የቡና ማሳ ነው። ሰዉ ተግባቢ ነው፤ «ፑራ ቪዳ» ብሎ ሰላም ይላችኋል፣ ሲሸኛችሁም እንዲሁ ይላችኋል። እዚያ ንብረቱን የሚያጣ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ መሣሪያ ተደቅኖበት አይደለም። ዓይኑን ከዕቃው ላይ ያነሳባትን ቅጽበት የሚጠብቅ ሌባ ስላለ ነው። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ያቺን ቅጽበት ለሌባው የሚያመቻቹ ናቸው።

«ጦር የሌላት ሰላማዊ አገር ናት» ብሎ መዘናጋት

በ1948 ከተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ የአሸናፊው ወገን መሪ ሆሴ ፊጌሬስ የአገሪቱን ጦር ሠራዊት እንዲቀር አደረጉ። እስከ ዛሬም ጦር የላትም። ይህ የምትኮራበት ታሪኳ ነው፤ ለመንገደኛ ደኅንነት ግን ዋስትና አይሆንም። በ2023 በአገሪቱ ከ900 በላይ ሰዎች ተገድለዋል፤ እስከዚያ ድረስ ከተመዘገበው ሁሉ ከፍተኛው ነበር። ዋናው ምክንያት ኮኬይን ነው። ከደቡብ አሜሪካ የሚነሳው ዕፅ ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ሲጓዝ በኮስታ ሪካ በኩል ያልፋል፣ በካሪቢያን በኩል ባለችው ሊሞን አጠገብ ያለው የሞይን ወደብም አንዱ መውጫው ነው። ግድያው በአብዛኛው በዚህ ንግድ በሚሻሙ ቡድኖች መካከል ነው።

ታዲያ ቁጥሩን አይቶ ጉዞ መሰረዝ ወይም ከሆቴል ግቢ አልወጣም ማለትም ሌላ ስህተት ነው። ቱሪስት የሚሄድባቸው ቦታዎች በአብዛኛው የቡድኖቹ የጦርነት ሜዳ አይደሉም። እናንተን የሚያሰጋችሁ ስርቆት ነው፤ ስርቆት ደግሞ በጥንቃቄ የሚቀንስ ነገር ነው።

ሻንጣን መኪና ውስጥ ትቶ መውረድ

ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ይህ ነው፤ ስለዚህ ጠበቅ አድርጌ ልንገራችሁ።

ከዋና ከተማዋ ከሳን ሆሴ በፓስፊክ ዳር ወዳሉት ወደ ሃኮ እና ወደ ማኑኤል አንቶኒዮ የሚወስደው መንገድ የታርኮሌስን ወንዝ በድልድይ ያቋርጣል። ከድልድዩ ሥር ደለሉ ላይ ግዙፍ አዞዎች ተጋድመው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሳያይ የሚያልፍ የለም። መኪናውን ጥግ ያስይዛል፣ ይወርዳል፣ በድልድዩ ጠባብ የእግረኛ መተላለፊያ እስከ መሐል ይሄድና አጎንብሶ ቁልቁል ፎቶ ያነሳል። እስቲ በሌባው ዓይን ተመልከቱት። መኪናው የኪራይ ነው። ከኤርፖርት በቀጥታ ስለመጣ የቤተሰቡ ሻንጣ በሙሉ ውስጡ ነው። ባለቤቶቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ወንዙን ያያሉ፣ አምስት ደቂቃ እንደሚቆዩም የታወቀ ነው። በዚህ ድልድይ ላይ የሚደርሰው ስርቆት ከመብዛቱ የተነሳ በአካባቢው ፖሊስ እንዲቆም እስከማድረግ ተደርሷል።

ሻንጣው ላይ ልብስ ጣል ማድረግ ወይም ከኋላ መቆለፍ አያድንም። መስታወት መስበር የሰከንድ ሥራ ነው። የሪሞቱን ሲግናል አፍኖ በሩ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ መሣሪያ የያዙም አሉ፤ ስለዚህ ሪሞቱን ከተጫናችሁ በኋላ በሩን በእጃችሁ ሳቡና አረጋግጡ። ዋናው መፍትሔ ግን ቅደም ተከተሉን መቀየር ነው። መጀመሪያ ሆቴል ግቡ፣ ዕቃችሁን አውርዱ፣ ከዚያ ባዶ መኪና ይዛችሁ ጎብኙ። መንገድ ላይ መቆም ግድ ከሆነ አንድ ሰው መኪናው ውስጥ ይቅር፤ በየተራ መውረድ ይቻላል። ፏፏቴ ጋ፣ ብሔራዊ ፓርክ በር ላይ፣ ባሕር ዳርቻም ያው ነው።

አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሰው መኪና የሚጠብቁ ሰዎች ታገኛላችሁ፤ «ጉዋቺማን» ይሏቸዋል። ከ500 እስከ 1,000 ኮሎን (የአገሪቱ ገንዘብ) መስጠት የተለመደ ነው፣ ይህም ከአንድ እስከ ሁለት ዶላር ገደማ ነው። ስጧቸው፤ ብዙዎቹ በሐቅ የሚሠሩ ናቸው። ግን ኃላፊነት የሚወስድ ተቋም ከኋላቸው ስለሌለ ላፕቶፕ አደራ የሚባልባቸው አይደሉም። አጥርና ደረሰኝ ያለው የክፍያ ማቆሚያ ካለ እሱን ምረጡ።

ጎማ ሲተነፍስ ወዲያው ዳር ይዞ መቆም

ይኼኛው ዘዴ ተንኮሉ ያለው በደግነት መልክ መምጣቱ ላይ ነው። መኪና ከኤርፖርቱ አካባቢ ተከራይታችሁ ስትወጡ፣ ወይም ምሳ በልታችሁ ስትመለሱ፣ አንድ ጎማ በስለት ተወግቷል፤ ነገር ግን ወዲያው አይታወቅም። ጥቂት እንደነዳችሁ መሪው ወደ አንድ ጎን ይስባል። ያኔ ከኋላ የመጣ መኪና ጡሩምባ ይነፋል፣ ሾፌሩ በእጁ ጎማውን ያሳያችኋል፣ ሲቆም ደግሞ ክሪክ ይዞ ወርዶ «ላግዛችሁ» ይላል። ባል ስኮርታውን ለማውጣት ሲወርድ፣ ሚስት መብራት ለማሳየት ስትወርድ፣ የዚያኛው ጓደኛ በሌላኛው በር በኩል የእጅ ቦርሳውን ወስዷል። ጎማው በደንብ ይቀየርላችኋል፣ ታመሰግናላችሁ፣ ፓስፖርቱ እንደሌለ የምታውቁት ግን ሆቴል ስትደርሱ ነው።

ስለዚህ ጎማው ቢተነፍስም አትቁሙ። የአደጋ መብራት አብርታችሁ፣ በዝግታ፣ ሰው ወደሚበዛበት ነዳጅ ማደያ ወይም ሱፐርማርኬት ድረስ ንዱ። ቸርኬው ሊጎዳ ይችላል፤ ይጎዳ። ቸርኬ ከፓስፖርትና ከግሪን ካርድ ጋር አይወዳደርም። ሊረዳችሁ የቆመውን ሰው በመስታወቱ አመስግናችሁ ቀጥሉ፤ ደግ ሰው ከሆነ አይቀየማችሁም። ማደያው ስትደርሱም አንዱ ሲወርድ ሌላው በር ቆልፎ ይቀመጥ፣ ከዚያ ወደ አከራዩ ደውሉ።

ሰነዶችን ሁሉ በአንድ ቦርሳ መያዝ

የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ሰው ቢሰረቅ ሳን ሆሴ ውስጥ ፓቫስ በሚባለው ሰፈር ወዳለው የአሜሪካ ኤምባሲ ሄዶ አስቸኳይ ፓስፖርት ያወጣል። ቀን ያስባክናል እንጂ መንገዱ የታወቀ ነው። በኢትዮጵያ ፓስፖርትና በግሪን ካርድ የሚጓዝ ሰው ግን ሌላ ነገር ውስጥ ይገባል። ሳን ሆሴ ውስጥ የኢትዮጵያ ኤምባሲ የለም። የጠፋውን ፓስፖርት ጉዳይ ሌላ አገር ካለ ኤምባሲያችን ጋር በስልክና በኢሜይል መጨረስ ሊኖርባችሁ ነው። ግሪን ካርዱ ከጠፋ ደግሞ አየር መንገዱ አያሳፍራችሁም። ፎርም አይ-131ኤ የሚባለውን ሞልቶ፣ ከ500 ዶላር በላይ ከፍሎ፣ በአሜሪካ ኤምባሲ ቀጠሮ ይዞ የመሳፈሪያ ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል። እስከዚያ የሆቴሉ ሒሳብ ይቆጥራል፣ ሥራ ቦታም ሰው ይጠብቃል። በጥገኝነት የጉዞ ሰነድ ለሚሄዱ ወገኖችም ሰነዱ ቢጠፋ መመለሻው ቀላል አይሆንም።

ስለዚህ እነዚህ ነገሮች ሳይለያዩ በአንድ ቦርሳ መሆን የለባቸውም። ዋናው ፓስፖርትና ግሪን ካርዱ ሆቴሉ ካዝና ውስጥ ይቀመጡ፤ ለዕለት መንቀሳቀሻ የፓስፖርቱን የፎቶ ገጽና የመግቢያ ማህተሙ ያለበትን ገጽ ፎቶ ኮፒ ያዙ። መኪና የሚነዳ ሰው ግን ዋናውን መንጃ ፈቃድ መያዝ አለበት። የሁሉንም ፎቶ አንስታችሁ ለራሳችሁ በኢሜይል ላኩ፣ አሜሪካ ላለ አንድ ዘመድም አስቀምጡ። ስልኩም አብሮ ሲሰረቅ የሚያድናችሁ ይህ ነው። አንዱን የባንክ ካርድ ይዛችሁ ስትወጡ ሌላው ሆቴል ይቅር። ብር ስታወጡም በቀን፣ ባንክ ውስጥ ካለ ማሽን አውጡ።

በአሜሪካ የሐምሌ ልማድ ማምሸት

ኮስታ ሪካ እንደ አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ናት። ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከ11 ሰዓት ከሩብ እስከ 12 ሰዓት ገደማ ባለው ነው። በሐምሌ ከሜሪላንድ ወይም ከቨርጂኒያ የሚሄድ ሰው እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ብርሃን ስለለመደ ባሕር ዳር ሲዝናና ድንገት ይጨልምበታል። ከጨለማ በኋላ ባዶ ባሕር ዳርቻ ላይ መሄድ፣ በተለይ ለብቻዋ ለምትጓዝ ሴት፣ እዚያ ያሉ ሰዎች ራሳቸው የማያደርጉት ነገር ነው። ፖርቶ ቪየሆም ሆነ ታማሪንዶ ብትሆኑ ከባሕሩ እስከ ማረፊያችሁ ያለውን ርቀት አስቡና ብርሃን ሳለ ተነሱ። ረጅም መንገድም በሌሊት አትንዱ። ዝናብ የቦረቦረው አስፋልት፣ መብራት የሌለው ብስክሌተኛና ድንገት የሚወርድ ጭጋግ ከሌባው የከፋ ጉዳት ያደርሳሉ።

ለዋና ሲገቡ ዕቃን አሸዋ ላይ መተው

ስልክና ቁልፍ በጫማ ውስጥ መደበቅ የትም ዓለም ያለ ሌባ የሚያውቀው ነው። በየተራ ዋኙ፤ ወይም ቁልፏን ብቻ ውኃ በማያስገባ ከረጢት አንገታችሁ ላይ አንጠልጥሉ።

እዚህ ላይ ከሌባ የማይገናኝ ነገር ልጨምር፤ ሰው የሚሞትበት ስለሆነ ማለፍ አልችልም። በሁለቱም ባሕሮች ሰውን ወደ ጥልቁ የሚወስድ ኃይለኛ የውኃ ጉተታ አለ፣ በብዙዎቹ ዳርቻዎችም ሕይወት አድን ጠባቂ የለም። ከወሰዳችሁ ከውኃው ጋር እየታገላችሁ ወደ ምድር አትዋኙ፤ ጉልበታችሁን ይጨርሰዋል። ከዳርቻው ትይዩ ወደ ጎን ዋኙ፣ ጉተታው ሲለቃችሁ ተመለሱ። ዋና በደንብ የማይችል ሰው፣ ከእኛ መካከል ደግሞ ብዙ ነው፣ ከጉልበቱ በላይ አይግባ።

ያገኙት ታክሲ ላይ መሳፈር፣ የአውቶብስ መደርደሪያን ማመን

ፈቃድ ያለው ታክሲ ቀይ ነው፤ በሩ ላይ ቢጫ ሦስት ማዕዘን አለው። የኤርፖርቱ ብርቱካናማ ነው። ቆጣሪውን «ማሪያ» ይሉታል፤ ማሪያ ካልተከፈተ ውረዱ። አውቶብስ ላይ ቦርሳችሁን እላይ አትስቀሉ፣ እግር ሥርም አታድርጉ፣ ጭናችሁ ላይ ይዋል። ሳን ሆሴ ውስጥ «ኮካ ኮላ» በሚባለው የአውቶብስ ተራ አካባቢ ስልክ አውጥቶ ካርታ ማየት ኪስ አውላቂ መጥራት ነው። አቅጣጫውን ከመውረዳችሁ በፊት ያዙ።

ያልታሸገ መጠጥ መቅመስ

በ2019 በሜታኖል የተበከለ አልኮል ከ20 በላይ ሰዎችን ገድሏል። መንግሥትም የተወሰኑ የመጠጥ ዓይነቶች እንዳይሸጡ አግዶ ነበር። ሜታኖል በጣዕም አይለይም። እፊታችሁ የተከፈተ ቢራ ይሻላል። ብርጭቆ ትታችሁ ከተነሳችሁ ደግሞ ተመልሳችሁ አትጠጡት፤ መጠጥ ውስጥ ማደንዘዣ ጨምሮ መዝረፍ እዚያም አለ።

ለትራፊክ ፖሊስ በእጅ መክፈል

ቅጣት መንገድ ላይ በጥሬ ገንዘብ አይከፈልም። ወረቀቱን ተቀብላችሁ በባንክ ወይም በመኪና አከራዩ በኩል ትከፍላላችሁ። «እዚሁ ብንጨርስ ይቀንስላችኋል» የሚል ቢገጥማችሁ፣ በትሕትና የቅጣት ወረቀቱን ጠይቁ። ብዙውን ጊዜ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

«ምን ዋጋ አለው» ብሎ አለማመልከት

ብዙ ሰው ዕቃው አይመለስም ብሎ ሳያመለክት ወደ ኤርፖርት ይሄዳል። ዕቃው እውነትም ላይመለስ ይችላል። ግን የመድን ድርጅቱ፣ የመኪና አከራዩ፣ ኤምባሲውም የሚጠይቋችሁ የመጀመሪያው ነገር የፖሊስ ማስረጃ ነው። መንገድ ላይ የምታገኙት ደንብ ልብስ የለበሰ ፖሊስ ይረዳችኋል፤ ክሱን መዝግቦ ወረቀት የሚሰጠው ግን በፍትሕ አካሉ ሥር ያለው የምርመራ ድርጅት ነው፣ በምህጻረ ቃል OIJ ይባላል። ስትሄዱ የጠፋውን ዝርዝር ጽፋችሁ፣ የስልኩን መለያ ቁጥርና የሰነዶቹን ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ። «ደኑንሲያ» (አቤቱታ) ማስመዝገብ እፈልጋለሁ በሉ። ስፓኒሽ ካልቻላችሁ ከሆቴሉ ሰው የሚያጅባችሁ ለምኑ፤ ይሄዱላችኋል።

አደጋው እየደረሰ ከሆነ የሚደወለው እንደ አሜሪካ 911 ነው። አንድ ችግር ብቻ አለ፤ በኮስታ ሪካ አድራሻ በአብዛኛው በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር አይነገርም። እንደ አዲስ አበባችን በምልክት ነው፦ «ከቤተ ክርስቲያኑ 200 ሜትር ወደ ሰሜን፣ ከዚያ 50 ሜትር ወደ ምሥራቅ» ይባላል። 100 ሜትር ማለት አንድ ብሎክ ነው። ስለዚህ ማረፊያችሁ እንደደረሳችሁ ባለቤቱን ጠይቃችሁ ይህን አድራሻ በስፓኒሽ አስጽፉና በስልካችሁም በወረቀትም ያዙት፤ ልጆቻችሁም አንዱን ወረቀት ኪሳቸው ውስጥ ይያዙ።