ታሪካዊ ቤት ለማየት ከመንዳታችሁ በፊት

በአሜሪካ ገጠር ካውንቲዎች ታሪካዊ ቦታ ማየት ለምትወዱ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንድ ቤት በብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ሰፈረ ማለት ለጎብኚ ክፍት ነው ማለት አይደለም። መዝገቡ የተቋቋመው በ1966 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ቤቶች ዛሬም ሰው የሚኖርባቸው የግል ንብረቶች ናቸው።

ስለዚህ መጀመሪያ ቤቱ የተመዘገበበትን ቅጽ አንብቡ። ቤቱ ያለው በሜሪላንድ ግዛት ከሆነ ቅጹን በሜሪላንድ ሂስቶሪካል ትረስት (የግዛቱ የታሪካዊ ቅርስ ጥበቃ መሥሪያ ቤት) ድረ ገጽ በነፃ ታገኙታላችሁ። ንብረቱ የግል ይሁን የመንግሥት ይነግራችኋል። በ1970ዎቹ የተሞሉት ብዙ ቅጾች ለሕዝብ ክፍት ስለመሆኑም ይጠይቃሉ። መልሱ የድሮ ስለሆነ ግን ደውላችሁ አረጋግጡ።

እኔ ከሁሉ የምወደው የቅጹን የታሪክ ክፍል ነው። ለምሳሌ በሜሪላንድ ዶርቼስተር ካውንቲ ያለው ስታንሊ ኢንስቲትዩት ከመንገድ ሲታይ አንዲት ክፍል ያላት ትንሽ የእንጨት ቤት ነው፤ ሳያውቁት ያልፉታል። ግን በ1867 ከቸርች ክሪክ አካባቢ ወደዚህ የተዛወረ፣ ከባርነት ማብቃት በኋላ ጥቁር አሜሪካውያን ራሳቸው ያቆሙትና ለአንድ ምዕተ ዓመት ገደማ ልጆቻቸውን ያስተማሩበት ትምህርት ቤት ነው። በዚያው ካውንቲ ከባርነት አምልጣ ሌሎችንም ነፃ ያወጣችው የሃሪየት ተብማን መታሰቢያ የጎብኚዎች ማዕከልም አለ፤ መግቢያው በነፃ ነው።

በመዝገቡ ውስጥ አድራሻቸው ያልተገለጸ የአርኪዮሎጂ ቦታዎች ካጋጠሟችሁ አትፈልጓቸው። ከዘራፊ ለመጠበቅ ነው የተደበቁት።