እማዬ ትታት የሄደችውን ድመት እንዴት አላመድናት

እማዬ ያረፈችው ኅዳር ላይ ነው። ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ፣ ሠላሳ ዓመት በኖረችበት ቤት። አብራት የምትኖረው አንዲት ድመት ብቻ ነበረች። ስሟ በረካ ነው። ሐዘኑ ጋብ ብሎ ስለ ቤቱና ስለ ዕቃው መነጋገር ስንጀምር «ድመቷስ?» የሚል ጥያቄ መጣ። ወንድሜ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እህቴን ድመት ያስነጥሳታል። ቀረሁ እኔ፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ የምሠራው።

መጀመሪያ ያደረግኩት ሁሉ ስህተት ነበር። ወላጁ ሞቶበት ድመት የተረከበ ሰው እንደ እኔ እንዳይንገላታ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። ውሻ ቢሆን ሥራው ይቀላል። ውሻ የወደደውን ሰው ተከትሎ የትም ይሄዳል። ድመት ግን ቤቷን ነው የምትወደው። በጥቅምት 2014 ከደሴ ስንሸሽ እማዬን ይዘን ደብረ ብርሃን ገባን። በረካ ጣሪያ ላይ ወጥታ አልወርድም አለች። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ በሩ ተሰብሯል፣ ፍራሽ እንኳ አልቀረም። እሷ ግን የጎድን አጥንቷ እየተቆጠረ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላለች። እማዬ ያን ቀን ያለቀሰችው ለዕቃው አልነበረም።

ከለቅሶው ልጀምር። ድንኳን ይጣላል፣ የእድር ወንበርና ብረት ድስት ይመጣል፣ ግቢው ቀን ከሌት ሰው ነው። በረካ የመጀመሪያውን ጩኸት እንደሰማች ኮርኒስ ውስጥ ገባች። ሦስት ቀን አልወረደችም። ማንም አላስታወሳትም፤ እኔም ጭምር። ያስታወሷት አጥር የምንጋራቸው ሐጅያ ናቸው። ጾመ ነቢያት ስለነበረ ለቅሶ ቤቱ የሚቀርበው ሽሮና ምስር ነው። ሐጅያ ከእስላም ሥጋ ቤት ሳንባ አስገዝተው፣ ቤታቸው ቀቅለው፣ በሳህን ከኮርኒሱ ቀዳዳ ሥር አስቀመጡላት። «እናንተ ጹሙ። እሷ ምን አጠፋች?» አሉን። ሌሊት ወርዳ ጠራርጋ በላችው።

ስለዚህ ለቅሶ ቤት ድመት ካለ ገና በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰው መድቡላት። የቅርብ ሐዘንተኛ አይሁን፤ የጎረቤት ልጅ ይበቃል። ሰው የማይገባበት አንድ ክፍል ይዘጋላት፣ ውሃና ምግብ ይግባላት። ድመት ሁለት ቀን ሙሉ እህል ካልቀመሰች ነገሩ ቀልድ አይደለም። ጉበቷ ይጎዳል፤ ወፍራም ከሆነች ደግሞ ይብስባታል።

ሁለተኛው ነገር ልብስ ነው። የሟች ልብስ ለነዳያን መስጠት ደግ ልማድ ነው፣ ስጡ። ግን ሁሉንም አትጠቡ። እህቴ ሐዘኗን የምትወጣው በሥራ ነው። በሰልስቱ ማግስት አንሶላውን፣ ጋቢውን፣ ነጠላውን፣ የትራስ ልብሱን ሳይቀር በኦሞ አጥባ ገመድ ላይ ደረደረችው። በረካ ወርዳ አልጋውን አሸተተች። ዞረች፣ እንደገና አሸተተች። ተመልሳ ኮርኒሷ ገባች። እኔም ትራሱን አንስቼ አሸተትኩት። እማዬ የለችም።

ያተረፈን አንድ አረንጓዴ ሹራብ ነው። ማድ ቤት በር ጀርባ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ተረስቶ ነበር። ጭስ፣ ቅቤና እጣን ይሸታል፤ ከሁሉም በታች ደግሞ እሷን። ሳይታጠብ በፌስታል ቋጥሬ ያዝኩት። እናንተም አንድ ያልታጠበ ነገር አስቀሩ። ለድመቷ ነው ብላችሁ አስቀሩት፤ ማንም አይከራከራችሁም።

ዋናው ግን የሟችን ውሎ መጠየቅ ነው። ድመት ሰዓት ታውቃለች። የበረካ ሰዓት የእማዬ ሰዓት ነው። እኛ ልጆቿ ደግሞ የእማዬን ሰዓት አናውቀውም። በስልክ «እንዴት ዋልሽ?» እንላታለን፣ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች፣ በቃ። ሐጅያ ዘንድ ደብተር ይዤ ስሄድ ሳቁብኝ። «ለድመት ደብተር!» አሉ። ከዚያ ጀበናውን ጣዱና ነገሩኝ።

ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ለኪዳን ትነሳለች። በረካ እስከ አጥሩ በር ትሸኛትና እስክትመለስ የድንጋዩ ካብ ላይ ትጠብቃታለች። 2 ሰዓት ላይ ሁለቱም ቁርስ ይበላሉ። 4 ሰዓት ቡና ነው፣ አንድ ቀን እማዬ ቤት፣ አንድ ቀን ሐጅያ ቤት። አቦል ሲቀዳ ድመቷ የለችም። ቶናም ሲጠጣ የለችም። ሦስተኛው ሲቀዳ ከየትም ትመጣለች። ስሟም የወጣው ከዚያ ነው። ይህን አውቅ ነበር። የማላውቀው ቀጥሎ ያለውን ነው። «እናትሽ በረካው ላይ ዳቦ ትቆርሳለች» አሉ ሐጅያ። «ሦስት ስም ትጠራለች፣ ነፍስ ይማር እያለች። በየስሙ አንድ አንድ ፍርፋሪ ለድመቷ ትጥላለች። እኔም ከጎኗ ዱዓዬን አደርጋለሁ።»

ስሞቹን ጠየቅኳቸው። አንዱ አባዬ ነው። ሁለተኛው የእማዬ ወንድም። ሦስተኛውን ስም ሰምቼው አላውቅም።

«እንዴ! አታውቂም እንዴ?» አሉ።

ከእኔ በፊት የተወለደ ወንድም ነበረኝ። በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነስቶ፣ ዓመት ሳይሞላው ኩፍኝ ወሰደው። እኔ አሁን አርባ ዓመት አልፎኛል። የወንድሜን ስም ያገኘሁት ድመት ልመግብ ብዬ ነው።

እንግዲህ ጠይቁ። ስንት ሰዓት ትበላለች? የት ትተኛለች? ምን ያስደነግጣታል? ምን ብለው ይጠሯታል? ይህ የመጨረሻው ቀላል እንዳይመስላችሁ። እኔ ሳምንት ሙሉ «በረካ፣ በረካ» እያልኩ ስለፈልፍ ዞር ብላ አላየችኝም። ለካ እማዬ ለሰው ስታወራ ብቻ ነው በረካ የምትላት። ለራሷ ስትጠራት «ነይ እናቴ» ነው የምትላት። እንደዚያ ስላት ጆሮዋ ቆመ።

ጉዞው ላይ ደርሰናል። ከደሴ ኮምቦልቻ ከ20 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ግን ሐረጎን መውረድ አለ። ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፣ እሱም እየተጠማዘዘ። ከመነሳታችሁ አራት አምስት ሰዓት በፊት ጀምሮ ምግብ አትስጧት፤ ውሃ ግን አትከልክሏት። በመጀመሪያው ሙከራዬ ካርቶን ውስጥ ከተትኳት። መናኸሪያ ሳንደርስ ባጃጅ ውስጥ ቀዳው ወጣች። እሷም ወደ ቤቷ፣ እኔም እሷን ተከትዬ። በሁለተኛው ሁለት የፕላስቲክ የአትክልት ሳጥን አፍ ለአፍ ገጥሜ በሲባጎ አሰርኩ። ከሥር ሹራቡን አነጠፍኩ፣ ከላይ ነጠላ ጣልኩበት። ጨለም ሲልላት ትረጋጋለች። ረዳቱ ፖርቶመጋላ ላይ ልጫናት አለ፤ በፍጹም እንዳትስማሙ። «እንግዲያው የሰው ሂሳብ ትከፍያለሽ» አለኝ። ከፈልኩ። ከጎኔ ወንበር ይዛ እንደ ሰው ወረደች። ሐረጎ ላይ አንዴ አስመለሳት፤ እዚያ ላይ የሚያስመልሰው ሰውም ሞልቷል።

አዲሱ ቤት ስትደርሱ ሁሉንም ክፍል አትክፈቱላት። ሁለት ሳምንት ያህል በአንድ ክፍል ትቆይ። ሹራቡ ይነጠፍላት፣ ውሃና ምግብ ይቀመጥላት፣ በአሮጌ ሳፋ አሸዋ ይግባላት። አሸዋውና ምግቡ ይራራቁ፤ ሽንት ቤት በር ላይ ማን ይበላል? አሸዋው በየቀኑ ይጽዳ። ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች ይህን ሥራ እሷ አትንካው። በድመት ዓይነ ምድር የሚተላለፍ፣ ለፅንስ የሚያሰጋ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተውሳክ አለ። የባለቤቴ እህት ያኔ ነፍሰ ጡር ሆና እኛ ጋ ነበረች። እኔ ፈረቃ ላይ ስሆን ሥራው ለባለቤቴ ደረሰው። እሱ ድመት አይወድም። «አማቴ ይህን ነው የተናዘዙልኝ» እያለ ይጠርጋል።

የደሴን ብርድ የለመደ ፀጉር ኮምቦልቻ ሲገባ ይከብደዋል። ውሃዋ ቶሎ ቶሎ ይቀየር። ቁንጫም በሙቀት ይፈላል። ግን ለከብት ወይም ለውሻ የተሠራ መርጫ ድመት ላይ እንዳትረጩ። ራሷን ስለምትልስ የረጫችሁትን ሁሉ ትበላዋለች፤ ለውሻ የማያስጋው አንዳንዱ መድኃኒት ድመትን ይገድላል። እንስሳት ክሊኒክ ወስዳችሁ ለድመት የሚሆነውን ጠይቁ። በዚያው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከትቧት። ስሙ የውሻ ነው እንጂ ድመትንም ይይዛታል። ልጅ ከነከሰች ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና ወዲያው ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ምግብ ላይ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው አንድ ነገር አለ። የተረፈ ወጥ አትስጡ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ደም ይጎዳል፣ የኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ወተትም ያደገች ድመት ሆድ ላይ አይስማማም፣ ያስቀምጣታል። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ ጉሮሮ ይወጋል። ሳንባ፣ ጨውና በርበሬ ሳይነካው ቀቅላችሁ ስጧት። በጾም የኛ ሥጋ ቤቶች ሲዘጉስ? ወሎ ነን እኮ፤ ሁለት መንገድ አለን።

ጎረቤቶቻችሁንም አነጋግሩ። የአይጥ መርዝ የሚያስቀምጥ ካለ ድመት ማምጣታችሁን ይወቅ። መርዝ የበላ አይጥ የበላች ድመት እሷም ትመረዛለች። እኔ ሦስት ቤት ዞሬ ተለማመጥኩ። ሁለቱ እሺ አሉ። አንደኛዋ አኮረፈችኝ፣ እስካሁን ሰላምታዋ ቀዝቃዛ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስታስወጧት በቀን ይሁን፣ ሳትበላ ይሁን። የራባት ድመት የሳህን ድምፅ ስትሰማ ትመለሳለች። በረካ አጥሩ ላይ ወጥታ ወደ ሐረጎ አቅጣጫ ስታይ ቆየች፤ ወይም እኔ እንደዚያ መሰለኝ። ሳህኑን በማንኪያ መታሁ። ወረደች።

ከሁሉም ያስቸገረን የሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት በር ላይ ቆማ ትጮኻለች። ባለቤቴ ጫማ ወረወረ። ይህን አታድርጉ፤ ከተመታች ሰዓቷን አትረሳም፣ እናንተን ነው የምትፈራው። እሷ የምትፈልገው የምትሸኘው ሰው ነው። የጠዋት ፈረቃ ሲደርሰኝ ሰርቪስ የሚያነሳኝ 11 ተኩል ላይ ስለሆነ በዚያው ሰዓት ነው የምነሳው። አንድ ቀን በሩን ስከፍት ቀድማኝ ወጣች። እስከ አጥሩ በር ሸኘችኝና ግንቡ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ሳምንት ወዲህ ጩኸቱ ቀነሰ። ፈረቃዬ ሌላ ሲሆን ነጠላዬን ጣል አድርጌ እስከ በሩ ደርሼ እመለሳለሁ። ጎረቤት ምን እንደሚለኝ አልጠይቅም።

ቡናውም እንደዚሁ ነው። እኛ ኮምቦልቻ ሁለት ስኒ ጠጥተን ነው የምንበታተነው። እሁድ እሁድ በረካውን መለስኩት። ዳቦ አስቀመጥኩ። የመጀመሪያዎቹን እሁዶች ከአልጋ ሥር አልወጣችም። እኔ ግን ስሞቹን መጥራት ጀመርኩ፣ ልጆቹም ሰሙ። ሰማንያውን ደሴ አውጥተን በተመለስን በሳምንቱ ሦስተኛው ሲቀዳ ጅራቷን ቀጥ አድርጋ መጣች። ሦስት ፍርፋሪ ጣልኩላት። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ «እማማስ?» አለች። እውነቷን ነው። አራት ሆነ። በቀጣዩ እሁድ ባለቤቴ ጉሮሮውን ጠራርጎ «የኔ አባት ምን አጠፋ?» አለ። አምስት። ከዚያ የእሱ አያት ተጨመሩ፣ ከዚያ ከፋብሪካችን ሥራ ላይ እያለች ታማ ያረፈች ጓደኛዬ።

አሁን ሰባት ስም ላይ ነን። ዳቦ ደግሞ ለድመት ያን ያህል አይጠቅምም፣ በረካም ሆዷ እየተንዠረገገ ነው። ስለዚህ ስማችሁ ሲበዛ ፍርፋሪውን አሳንሱት፤ የምስር ፍሬ ታህል ይበቃል።