ያልገባው ፊደሉ ነው ወይስ ቋንቋው?

ድሬዳዋ ውስጥ ከ7 እስከ 11 ዓመት ያለ ልጅ በቤቱ በአፋን ኦሮሞ፣ በሰፈሩ በሶማልኛ፣ በትምህርት ቤቱ ደግሞ በአማርኛ መዋሉ ብርቅ አይደለም። እንዲህ ያለው ልጅ በንባብ ወደ ኋላ ሲቀር ብዙ ወላጅ «ቋንቋ በዛበት» ይልና የቤቱን ቋንቋ መናገር ይተዋል። ከዚያ በፊት ግን የ10 ደቂቃ ሙከራ ያድርጉ።

ከመማሪያ መጽሐፉ ልጁ የማያውቀውን አጭር ምንባብ ይምረጡ። ግማሹን ራሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ፤ የቀረውን እርስዎ ያንብቡለት። ከእያንዳንዱ ግማሽ በኋላ መጽሐፉን ይክደኑና ምን እንደተባለ ይጠይቁት። መልሱን በሚቀናው ቋንቋ ይስጥ፤ በአማርኛ ብቻ እንዲመልስ ካስገደዱት የሚለኩት የመናገር ችሎታውን እንጂ መረዳቱን አይደለም።

እርስዎ ሲያነቡለት የገባው፣ ራሱ ሲያነብ ግን የጠፋበት ከሆነ፣ ችግሩ ፊደል ላይ ነው። 33ቱ ፊደላት በ7 ድምፅ ሲረቡ 231 ስለሚሆኑ፣ እያንዳንዱን ለመለየት የሚታገል ልጅ ለትርጉሙ የሚተርፍ ሐሳብ አይኖረውም። ከ«ሀ» ጀምሮ እንደገና ማስቆጠር ግን አያስፈልግም። የሚሳሳትባቸውን ብቻ ይመዝግቡ፤ ብዙውን ጊዜ አስቸጋሪው ሳድሱ ነው፣ ምክንያቱም «ልብ» በሚለው ቃል «ል» አናባቢ ሲኖረው «ብ» የለውም። መጥበቅና መላላትም በጽሑፍ ስለማይታዩ «ገና» በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የሚለው፣ ልጁ ከዐረፍተ ነገሩ መገመት አለበት። አንዱን ምንባብ በተለያዩ ቀናት ሦስት ጊዜ ማንበብ አዲስ አዲስ ከመቀያየር ይልቅ ይጠቅመዋል።

እርስዎ አንብበውለትም ካልገባው ግን ጉዳዩ የቋንቋ ነው፤ ፊደል ማስጠናት እዚህ ላይ ከንቱ ድካም ነው። ቀፊራ ገበያ ውስጥ በአማርኛ ተከራክሮ ዋጋ የሚያስቀንስ ልጅ «ትነት» ወይም «አወዳድር» የሚለውን የመጽሐፍ ቃል ላያውቅ ይችላል። ስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያዤ እንዳስተዋለው፣ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በደንብ የሚያመዛዝነው ሊያየውና ሊነካው በሚችለው ነገር ላይ ነው። ስለዚህ በቀትር ደጃፉ ላይ ውሃ ይርጩ፣ ሲደርቅ አብራችሁ ተመልከቱ፣ የት እንደሄደ በቤታችሁ ቋንቋ ተነጋገሩ፤ «ትነት» የሚለውን ቃል የሚሰጡት ከዚያ በኋላ ነው። ሐሳቡ በአንድ ቋንቋ ከተያዘ በሌላው የሚጎድለው ስሙ ብቻ ነው።

የላቲን ፊደል ሲጀምር ደግሞ ኤክስ የተባለችው ፊደል በቁቤ «ጥ»፣ በሶማልኛ የጉሮሮ «ሕ»፣ በእንግሊዝኛ «ክስ» ትሆንበታለች። አንዱን ድምፅ ለሌላው ቢያውስ የስንፍና ምልክት አይደለም፤ በደብተሩ ሦስት ዓምድ አስምረው በየዓምዱ አንድ የሚያውቀውን ቃል ያስጽፉት።

ልጁ በሚናገራቸው ቋንቋዎች ሁሉ፣ በቤቱ ቋንቋም ጭምር፣ የተነገረውን መከተል የሚያቅተው ከሆነ ግን ተጨማሪ አስጠኚ ከመቅጠርዎ በፊት ጆሮውን ያስመርምሩ፤ ሰሌዳውን ሲያይ ዓይኑን የሚያጨነቁር ከሆነ ዓይኑንም እንዲሁ።